የምክር ዓምድ፦ የወንድሜን በሽታ ልመራመር ወይስ ሐኪም ልሁን?

«ጤና ይስጥልኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ የመጣሁት በ12 ዓመቴ ነው። አሁን 22 ዓመቴ ነው፤ ባዮሎጂ አጥንቼ ዘንድሮ እመረቃለሁ። ታናሽ ወንድሜ 13 ዓመቱ ነው። ዱሼን የሚባለው ጡንቻ የሚያመነምን በሽታ አለበት። ከአምና ጀምሮ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሰው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንዲት የፊዚዮሎጂ (የሰውነት አሠራር ጥናት) ፕሮፌሰር ላብራቶሪ እሠራለሁ። የምታጠናው ጡንቻ ለምን እንደሚመነምን ነው። ሥራዋን ሳይ ‹እኔም መሆን ያለብኝ ይህን ነው› አልኩ። አባቴ ግን ‹ሐኪም ሁኚ፤ ፕሮፌሰርነት ምን ያበላል?› ይላል። እናቴ ስለ በሽታው ማውራት አትፈልግም፤ ጸበል ትወስደዋለች። በቀደም ወንድሜ ራሱ ‹መድኃኒቱን አንቺ ታገኚልኛለሽ አይደል?› አለኝ። ‹አዎ› አልኩት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ምን ላድርግ?
እህቱ ነኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ»

እህቴ፣

መጀመሪያ አንቺ ያላነሳሽውን ልጠይቅሽ። ራስሽ ተመርምረሻል?

ስለ ትምህርትና ስለ ሥራ ብዙ ጽፈሻል፤ ስለዚህ ግን አንድም ቃል የለም። ባዮሎጂ ስላጠናሽ ነገሩን ታውቂዋለሽ፤ ሰው ግን ጉዳዩ የራሱ ቤት ሲሆን የሚያውቀውንም ይረሳል። የዱሼን ጂን ያለው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። ወንድ ልጅ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ስለሆነ ጂኑ ከተበላሸ ይታመማል። ሴት ሁለት ስላላት ጤነኛው አብዛኛውን ጊዜ ይሸፍንላታል፤ ተሸካሚ ትሆናለች። እናትሽ ተሸካሚ ከሆነች አንቺም የመሆን ዕድልሽ ግማሽ በግማሽ ነው። ከታመሙት ልጆች በአንድ ሦስተኛው ገደማ ግን ስህተቱ ከእናት አልመጣም፤ ልጁ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው። ስለዚህ ሳይመረመሩ መገመት ዋጋ የለውም።

ይህ ልጅ ሲወለድ የሚታሰብ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልሽ። ተሸካሚ ሴቶች ራሳቸው የልብ ጡንቻ ድካም ሊይዛቸው ይችላል፤ አንዳንዶቹ እግራቸውና ትከሻቸው ይደክማል። ተሸካሚ ከሆንሽ የልብ ክትትል ያስፈልግሻል። እናትሽም እንደዚያው። ወንድምሽ የሚታይበት ክሊኒክ ውስጥ ጄኔቲክ ካውንስለር፣ ማለትም በዘር ስለሚተላለፍ በሽታ የሚያማክር ባለሙያ፣ ካለ እሱን፣ ከሌለ የሚያክመውን ሐኪም ጠይቂና ቀጠሮ ያዢ። ስለ ፒኤችዲ ከማሰብሽ በፊት ይህ ይቅደም።

የእናትሽ ዝምታም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። «በሽታው በእናቱ በኩል ነው» የሚል ወሬ እኛ ዘንድ ሴትን እንዴት እንደሚያሳቅቅ አንቺም አታጪውም። ዘመድ አንድ ነገር ይላል፣ ጎረቤት ሌላ ይጨምርበታል። እናትሽ ምንም ያጠፋችው ነገር የለም። የትኛውን ጂን ለልጇ እንደምታወርስ የምትመርጥ እናት የለችም። ይህን ቀስ ብሎ በአማርኛ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል፤ ክሊኒክ ውስጥ አስተርጓሚ በስልክ የሚለው ከልጅ አፍ እንደሚሰማው አይሆንም።

በጸበሉ አልከራከርም። አንድ ነገር ብቻ ጠብቂልኝ። ወንድምሽ ፕሬድኒሶን ወይም ዴፍላዛኮርት የሚባለውን ስቴሮይድ የሚወስድ ከሆነ መድኃኒቱ ድንገት መቋረጥ የለበትም። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰውነት ኮርቲሶል የሚባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረቱን ይቀንሳል ወይም ያቆማል። መድኃኒቱ በድንገት ከቀረ የደም ግፊቱ ሊወርድና ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ጸበል ሲገቡ ክኒን የሚተዉ ሰዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ቤተ ክርስቲያን መድኃኒት ተዉ አትልም፤ ለታመመ ሰው ጾሙም አይጠብቅበትም። ካስፈለገ የንስሐ አባታችሁ ይንገሯት። ከአንቺ ይልቅ እሳቸውን ትሰማለች።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ።

ወንድምሽን «አዎ» ብለሽዋል። አልፈርድብሽም፤ የ13 ዓመት ልጅ ዓይን ዓይንሽን እያየ ሲጠይቅሽ ሌላ ምን ይባላል? ግን ያን ቃል ተሸክመሽ ፒኤችዲ እንዳትገቢ። ዓመቶቹን ቁጠሪያቸው (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ዱሼንን የሚያመጣውን ጂን ቦስተን ውስጥ የሉዊስ ኩንከል ቡድን ያገኘው በ1986 ነው። በዓመቱ እዚያው የነበረው ኤሪክ ሆፍማንና ባልደረቦቹ ጂኑ የሚሠራውን ፕሮቲን ለዩና ዲስትሮፊን አሉት። አሜሪካ ውስጥ የበሽታውን ሥር የሚነካ የመጀመሪያው መድኃኒት፣ ኤቴፕሊርሰን፣ የተፈቀደው በ2016 ነው። ጂኑ ከተገኘ 30 ዓመት ማለት ነው። እሱም የሚሆነው ከመቶ 13 ለሚሆኑት ልጆች ብቻ ሲሆን ምን ያህል እንደሚጠቅም እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ2023 ደግሞ የመጀመሪያው የጂን ሕክምና ተፈቀደ፤ ብዙ ቤተሰብ እልል አለ። በ2025 ግን መራመድ ያቆሙ ሁለት ልጆች ሕክምናውን ካገኙ በኋላ በጉበት መድከም ሞቱ። ኩባንያውም ለማይራመዱ ልጆች መላኩን አቆመ። ይህ የወንድምሽን ዓይነት ልጅ ስለሚመለከት ዜናውን ከፌስቡክ ሳይሆን ከሐኪሙ ስሙት።

የተሻለ ታሪክ ያለው ስፓይናል መስኩላር አትሮፊ የሚባለው በሽታ ነው። እሱ ላይ የሚጎዳው ነርቩ ነው፤ ጡንቻው የሚመነምነው ትእዛዝ ሲቀርበት ነው። ጂኑ በ1995 ተገኘ፣ አድሪያን ክራይነር ኒውዮርክ ውስጥ በኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር የደከመበት ኑሲነርሰን የሚባለው መድኃኒት በ2016 መጨረሻ ተፈቀደ። ዛሬ በጊዜ የታከሙ ሕፃናት ይቀመጣሉ፣ ብዙዎቹ ይራመዳሉ። በዚህ መስክ ትልቁ ድል ይህ ነው። እሱም 21 ዓመት ፈጅቷል።

የአንቺን ሰዓት ደግሞ እይው። ፒኤችዲ አምስት ስድስት ዓመት ይወስዳል። ከዚያ ፖስትዶክ የሚባለው፣ በሌላ ሰው ላብራቶሪ ተቀጥረሽ የምትመራመሪበት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ዓመት አለ። ዛሬ ብትጀምሪ እንኳ የራስሽን ላብራቶሪ ስትከፍቺ ወንድምሽ ከ21 እስከ 24 ዓመት ሆኖታል። ከኤንአይኤች፣ ማለትም ከአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ የመጀመሪያውን ትልቅ ግራንት (የምርምር ገንዘብ) የሚያገኝ ሰው ደግሞ በአማካይ 40ን ያለፈ ነው።

ስለዚህ ቃሉን አስተካክይለት። «ብቻዬን አላገኘውም። ብዙ ሰው እየፈለገ ነው፣ እኔም ከእነሱ ጋር መሆን እፈልጋለሁ» በይው። ልጁ 13 ዓመቱ ነው፤ ስልክ አለው፤ አንቺ ከምታስቢው በላይ አንብቧል። አንድ እውነተኛ ነገርም ጨምሪለት። ድሮ ዱሼን ያለባቸው ልጆች አብዛኞቹ ከአሥራዎቹ ዕድሜ አያልፉም ነበር። አሁን ብዙዎቹ 20ዎቹን ያገባድዳሉ፣ 30ዎቹ ውስጥም ይገባሉ። ይህን ያመጣው አንድ ተአምረኛ መድኃኒት አይደለም። ስቴሮይዱ፣ ሌሊት የሚያግዘው የመተንፈሻ መሣሪያና በጊዜ የተጀመረ የልብ ክትትል ናቸው። ዋና ዜና ላይ የማይወጡ፣ የሳንባን አቅምና የልብን ምት ሲለኩ የኖሩ ሰዎች ሥራ ነው።

ፕሮፌሰርነቱን ደግሞ በአንድ ሰው ዕድሜ ላሳይሽ። አልፍሬድ ጎልድበርግ ይባላል። ሃርቫርድ ሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር፤ ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ምርምር ዞረ። (ይህን ለአባትሽ አትንገሪው።) በ1968 ፒኤችዲውን ያዘ፣ እዚያው ፊዚዮሎጂ ክፍል አስተማሪ ሆነ፣ በ2023 እስኪሞት ድረስም ከሃርቫርድ አልወጣም።

ጥያቄው ለሕፃን የሚገባ ነው። ሥራ የፈታ ጡንቻ ለምን ይመነምናል? ያኔ የብዙ ሰው ዓይን የነበረው ሴል ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ ላይ ነው። ጎልድበርግ ሌላውን ወገን አየ። ነርቩ የተቆረጠ ጡንቻ መሥራቱን መቀነሱ ብቻ ሳይሆን የራሱን ፕሮቲን በፍጥነት እያፈረሰ እንደሆነ በ1969 አሳየ። ታዲያ የሚያፈርሰው ምንድነው? በዚህች ጥያቄ ከጡንቻ ወጥቶ ባክቴሪያ ውስጥ ገባ፣ ከዚያም ጥንቸል ደም ውስጥ ያሉ ወጣት ቀይ ሴሎች ውስጥ። ከተማሪው ጋር በ1977 እዚያ ውስጥ ኃይል እየበላ ፕሮቲን የሚያፈርስ ሥርዓት አገኙ። በ1988 ከባልደረቦቹ ጋር ለዚያ የማፍረሻ ማሽን ስም አወጡለት፦ ፕሮቲያዞም። በ2004 የዚህ መስክ ኖቤል ሲሰጥ ሦስት ሌሎች ሳይንቲስቶች ወሰዱት፤ እሱ የለበትም።

አሁን የምወደው ክፍል መጣ። በ1993 ጎልድበርግና ባልደረቦቹ ማዮጄኒክስ የሚባል ኩባንያ አቋቋሙ። ስሙ ራሱ ከጡንቻ የመጣ ነው። ሐሳቡ ፕሮቲያዞምን የሚያግድ መድኃኒት ሠርቶ የጡንቻን መመንመን ማስቆም ነበር። መድኃኒቱ ተሠራ። ጡንቻ ላይ ግን አልዋለም። ቦርቴዞሚብ ተብሎ በ2003 ለመቅኒ ካንሰር፣ ለመልቲፕል ማይሎማ፣ ተፈቀደ፤ የብዙ ሺህ ሰው ዕድሜ አራዝሟል። ጡንቻን ሊያድን የተነሳ ሰው የካንሰር መድኃኒት ይዞ ተመለሰ። በ2001 የእሱ ላብራቶሪና ሌላ ቡድን ጡንቻ ሲመነምን የሚነሡ ሁለት ጂኖችን አገኙ፤ ዛሬ ይህን መስክ የሚያጠና ሰው ሁሉ ይለካቸዋል። ተራ የጡንቻ መመንመንን በቀጥታ የሚያቆም መድኃኒት ግን እስከ ዛሬ ፋርማሲ ውስጥ የለም።

ይህን ዕድሜ ኪሳራ ነው ትያለሽ? እኔ አልልም። ነገር ግን ይህ ሰው ለአንድ ለሚወደው ሕመምተኛ ብሎ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ገና በ1980 ተስፋ በቆረጠ ነበር። ያቆየው ጥያቄው ነው።

ሌላ ልጨምርልሽ፤ ይኸኛው ሠፈርሽ አጠገብ ነው። ባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ውስጥ የሴ-ጂን ሊ ቡድን በ1997 ማዮስታቲን የሚባል የጡንቻን ዕድገት የሚገታ ፕሮቲን አገኘ። ይህ ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች ጡንቻቸው እጥፍ ሆነ። ቤልጂያን ብሉ የሚባሉት ጡንቻቸው የተቆለለ ከብቶችም ችግራቸው እዚያው ጂን ላይ እንደሆነ በዚያው ዓመት ታወቀ። የመድኃኒት ኩባንያዎች ተሻሙ። በ2008 የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ ውጤት ወጣ፤ ሕመምተኞቹ አልጠነከሩም። በ2018 ፋይዘር ዱሼን ላይ የጀመረውን አቆመ። አይጡ ላይ የሠራው ሰው ላይ አልሠራም። ፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር የነበረው ሊ ስዊኒ ደግሞ በ1998 በጂን ጡንቻ ያወፈራቸውን አይጦች ሲያሳውቅ ከሕመምተኞች ሌላ ስፖርተኞችና አሰልጣኞች እየደወሉ «ለእኛም አድርግልን» አሉት። እንዲህ ያለ ስልክ ለማንሳትም ተዘጋጂ።

ሥራው ከውስጥ ምን እንደሚመስል ትንሽ አይተሻል። ተማሪ ያላየውን ልንገርሽ።

አይጡ ኤምዲኤክስ ይባላል። በ1984 ከኤድንብራ የተዘገበ፣ ዲስትሮፊን የሌለው አይጥ ነው። ይሮጣል፣ ይወልዳል፣ ዕድሜውም ብዙ አያጥርም። በዱሼን ምርምር ትልቁ ራስ ምታት ይህ ነው፤ አይጡ እንደ ልጆቹ አይታመምም። ስለዚህ አይጥ ላይ «ዳነ» የሚል ወረቀት ስታነቢ ቶሎ አትጨፍሪ። ከአይጡ ቅልጥም ፊት ያለውን ቀጭን ጡንቻ ታወጪያለሽ፣ ሁለቱን ጅማት በሐር ክር ታስሪያለሽ፣ ኦክስጅን በሚፈላበት የጨው ውሃ ውስጥ ትሰቅይዋለሽ። በኤሌክትሪክ ታኮማትሪዋለሽ፣ እየተኮማተረ ሳለ ትስቢዋለሽ፣ ከዚያ ጉልበቱን ትለኪያለሽ። ጤነኛው ጡንቻ ይቋቋማል። ዲስትሮፊን የሌለው በየስበቱ ጉልበቱ ይወርዳል፤ ሽፋኑ ጠርዙ እንዳልታጠፈ ጨርቅ ይተረተራል። ለዚህ ሁሉ አይጡን የምትገድዪው አንቺ ነሽ። በሳምንት ብዙ ጊዜ። ይህን መቻልሽን አሁኑኑ እወቂ፤ አለመቻል ነውር አይደለም፣ በሴልና በሰው ናሙና ብቻ የሚሠሩ ላብራቶሪዎች አሉ።

ፕሮፌሰር ስትሆኚ ግን ይህን ጡንቻ አንቺ አትሰቅይውም። ተማሪዎችሽ ይሰቅሉታል። አንቺ ትጽፊያለሽ። ግራንት ትጽፊያለሽ፣ ውድቅ ይደረጋል፣ እንደገና ትጽፊያለሽ። ኤንአይኤች ከሚቀርብለት ማመልከቻ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው የሚያልፈው፤ በመጥፎ ዓመት ከዚያም ያንሳል። ያለፈው ግራንት አራት አምስት ዓመት ይቆይና ደመወዙን የምትከፍይላቸውን ልጆች ላለመበተን እንደገና ትጀምሪያለሽ። ለአንደኛ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች ልብና ኩላሊት ታስተምሪያለሽ። የእንስሳት አያያዝ ኮሚቴ ቅጽ ትሞያለሽ። የሌሎችን ወረቀት ትገመግሚያለሽ፣ ክፍያ የለውም። ፕሮፌሰርሽን አንድ ነገር ጠይቂያት፦ «ባለፈው ሳምንት ስንት ሰዓት ጻፍሽ?» መልሷ ከእኔ ምክር ይበልጥሻል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄዬ ይኸውልሽ። ወንድምሽ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ያን ላብራቶሪ ትወጂው ነበር?

ቶሎ አትመልሺ። አንዳንድ ምልክቶች ልስጥሽ። ሙከራው ከሽፎ፣ ሰው ሁሉ ሄዶ፣ «ለምን ከሸፈ?» እያልሽ ቆይተሽ ታውቂያለሽ? ድብ ክረምቱን ወራት ሙሉ ተኝቶ ከርሞ ጡንቻው ብዙ ሳይቀንስ እንደሚነሣ ስትሰሚ፣ እኛ ግን ጥቂት ሳምንት አልጋ ላይ ውለን እግራችን እንደሚመነምን ስታስቢ፣ ያበሳጭሻል? ጎግል ታደርጊያለሽ? ካደረግሽ ፊዚዮሎጂስት ነሽ፤ ማንም አያስቆምሽ። ልብሽ ያለው ግን ወንድምሽ ላይ ብቻ ከሆነ፣ አይጡ አሰልቺ ከሆነብሽ፣ ከላብራቶሪ ይልቅ ለእሱ የሚቀርቡ ሥራዎች አሉ። ጄኔቲክ ካውንስለር ለመሆን ሁለት ዓመት ማስተርስ ይበቃል። ፊዚካል ቴራፒስት ሦስት ዓመት ነው። የመድኃኒት ሙከራ አስተባባሪ ለመሆን ያለሽ ዲግሪ ሊያስጀምርሽ ይችላል። አንድ የአበሻ ቤተሰብ «ልጃችሁ ዱሼን አለበት» ሲባል አጠገቡ ተቀምጦ በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው ቢያገኝ ምን ማለት እንደሆነ፣ እናንተ ያን ቀን እንዴት እንደዋላችሁ ታስታውሻለሽ። ይህ ከፕሮፌሰርነት ያነሰ ሥራ አይደለም። እኔ ብጠየቅ እንዲያውም ለአንዳንድ ሰው ይሻላል እላለሁ።

ፊዚዮሎጂስት ነኝ ካልሽ ደግሞ አንድ የሚያስከፋሽ ምክር አለኝ። ፒኤችዲሽን ዱሼን ላይ አትሥሪ።

ፕሮፌሰሮች በዚህ አይስማሙኝም፤ ማመልከቻ ላይ የወንድም ታሪክ ይወደዳል። ግን አስቢው። ቀን ላብራቶሪ ውስጥ የልብ ጡንቻ በስንት ሳምንት ጠባሳ እንደሚሆን ትለኪያለሽ፣ ማታ ቤት ገብተሽ ያው ልብ ያለው ልጅ እራት ያቀብልሻል። ውጤት ጥሩ ሲመስል እንዲሆን የምትፈልጊውን ታያለሽ፤ ለተመራማሪ ትልቁ አደጋ ይህ ነው። ውጤት ሲከፋ ደግሞ ለሳምንት አትነሺም። ጡንቻ ሰፊ ነው። በካንሰር የሚመጣው ክሳት ካኬክሲያ ይባላል፤ ሕመምተኛው ቢበላም አይቆምም። በእርጅና የሚመጣው ሳርኮፔኒያ ነው። ደግሞ የመተንፈሻ መሣሪያ ላይ የተኛ ሰው ድያፍራም፣ ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ አለ። በ2008 የወጣ ጥናት ድያፍራሙ ሥራ ፈትቶ ከ18 እስከ 69 ሰዓት ብቻ ሲቆይ የጡንቻው ክሮች ከግማሽ በላይ እንደቀጠኑ አሳይቷል። ሰዓት ነው ያልኩሽ፣ ሳምንት አይደለም። ከእነዚህ በአንዱ ሙያውን ተማሪ። የምትማሪው ነገር ዱሼን ላይም ይሠራል፤ ጎልድበርግን አስታውሺ። የራስሽን ላብራቶሪ ስትከፍቺ የፈለግሽውን ትመርጫለሽ።

ደግሞም ወደዚህ መስክ የሚገባው በባዮሎጂ በር ብቻ አይደለም። አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከ1981 ጀምሮ የሠራው ኬቨን ካምቤል የመጀመሪያ ዲግሪው ፊዚክስ ነው። ዲስትሮፊን ከሴሉ ሽፋን ጋር በምን እንደሚያያዝ የነገረን እሱ ነው። ዱሼንን ሲያጠና ካገኛቸው ፕሮቲኖች አንዱ የሌላ የጡንቻ በሽታ መንስኤ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ጊዜ ካለሽ አትሽሺ። የዛሬ የጡንቻ ምርምር ኮድ መጻፍም ይፈልጋል።

ዘንድሮውኑ ግን ፒኤችዲ አትግቢ። አንድ ሁለት ዓመት ደመወዝ እየተከፈለሽ ሥሪ። ቤትሽ ኤንአይኤች ላለበት ለቤቴስዳ ቅርብ ነው። ኤንአይኤች ለአዲስ ተመራቂዎች ፖስትባክ የሚባል ፕሮግራም አለው፤ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይፈልጋል። በጀቱ በ2025 ስለታመሰ ዘንድሮ ቦታ መኖሩን ደውለሽ አጣሪ። እዚያ ካልሆነ ባልቲሞር የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት ጡንቻ የሚያጠኑ ሰዎች አሉት፤ ቴክኒሽያን ይቀጥራሉ። ላብራቶሪ ስትመርጪ የፕሮፌሰሩን ስም አትዪ። ከእሱ ዘንድ የወጡ ተማሪዎች አሁን የት እንዳሉ፣ በስንት ዓመት እንደጨረሱ ጠይቂ። የሚያፍርበት ነገር ያለው ፕሮፌሰር እዚህ ላይ ይንተባተባል።

አባትሽ ይቀራል። ሰውየው አልተሳሳተም፤ መረጃው ነው የጎደለው። እዚህ አገር በባዮሜዲካል ሳይንስ ፒኤችዲ ተማሪ ትምህርት ቤት አይከፍልም፤ ይከፈለዋል። ብዙ ቦታ በዓመት ከ35 እስከ 45 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ተበድሮ ሐኪም የሚሆን ሰው ግን ብዙ ጊዜ ወደ 200 ሺህ ዶላር ዕዳ ይዞ ነው የሚመረቀው። ይህን አስረጂው። ሌላውንም አትደብቂው፤ ሐኪም በኋላ ከፕሮፌሰር የበለጠ ያገኛል፣ ሥራም አያጣም። በ2025 በኤንአይኤች በጀት ላይ ትርምስ ሲነሣ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉትን የፒኤችዲ ተማሪ ቀንሰዋል፤ ይህንንም ንገሪው። ቁጥሩን ደብቀሽ ያሸነፍሽው ክርክር ሁለት ዓመት ቆይቶ ይመጣብሻል። ሕመምተኛ ማየትም ከልብሽ የምትፈልጊ ከሆነ ሁለቱን ዲግሪ አብሮ የሚሰጥ ኤምዲ-ፒኤችዲ አለ። ስምንት ዓመት ገደማ ነው፣ በብዙ ትምህርት ቤቶች ክፍያ የለውም፣ ውድድሩ ከባድ ነው። አባትን ለማስደሰት ብቻ የሚገባበት ግን አይደለም፤ ስምንት ዓመት ለማስመሰል ረጅም ነው። በነገራችን ላይ በፒኤችዲውም «ዶክተር» ትባያለሽ፤ ሠርግ ላይ ልዩነቱን የሚጠይቅ የለም።

የፒኤችዲ ማመልከቻ በብዙ ቦታ የሚዘጋው ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ነው፣ የምትገቢው በሚቀጥለው መኸር። ስለዚህ ለማሰብ ጊዜ አለሽ። የጄኔቲክ ምርመራውን ቀጠሮ ግን በዚህ ሳምንት ያዢ።